የሎሬት አዲስ ሹራብ

«እስቲ ድገመው።»

«ስንቴ ልድገመው አንቺ ልጅ? ዳኛዋ እኮ የእሳተ ገሞራው ቡድን ጋ ደርሰዋል!» አለ ሎሬት፣ ላፕቶፑን ወደ ራሱ እየሳበ። «ሎሬት» ገና ከአሁኑ የሽልማት ንግግር ስለሚለማመድ የክፍሉ ልጆች ያወጡለት ስም ነው። እሷን ደግሞ ሳታይ ስለማታምን «እስቲ» ይሏታል።

ቪዲዮው ላይ አንድ ክር ቀጥ ብሎ ያበራል። ይኸው ክር ከበላያቸው በተሰቀለው ባነር ላይ ክንድ አክሎ ታትሟል፤ «ዲኤንኤ በዓይናችን!» ይላል። የሎሬት እናት ወሬውን ከዘመድ አልፈው ለጸጉር ሠሪያቸው አድርሰዋል። ከሳይንስ ኤግዚቢሽኑ አንደኝነት የቀረው ዋንጫውን መረከብ ብቻ ነው።

የቀረጹት የእስቲ አክስት በምትሠራበት ቤተ ሙከራ ነው። አክስቷ በሁለት መስታወቶች መሃል ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ቀጭን ቦይ ስታስረዳቸው፣ «ድመት ሜዳ ላይ ትጠቀለላለች፤ ቱቦ ውስጥ ስትገባ ግን ሳትወድ ትዘረጋለች። ዲኤንኤም እንደዚያው ነው። ብቻ እንደ ድመት አይተኛም፤ ሁሌ ይንቀጠቀጣል» ብላ ነበር።

ይሄኛው ክር ግን ንቅንቅ አይልም።

«ሎሬት፣ አይንቀጠቀጥም እኮ።»

«ካሜራ ፈርቶ ነዋ።»

«የፈራማ ይንቀጠቀጣል።»

 

የእስቲ ዓይን የሎሬት ሹራብ ላይ አረፈ። አክስቷ «ጋዋናችሁን ቆልፉ፤ የልብስ ብናኝ መስታወቱ ላይ ካረፈ እሱም እንደ ዲኤንኤው ያበራል» ስትል፣ ሎሬት አዲሱ ሹራቡ ፎቶ ላይ እንዲታይ ጋዋኑን ወለል አድርጎ ከፍቶት ነበር። ዛሬም እንደከፈተው ነው።

«የሹራብህ ክር ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! ጸጉር ሠሪዋ ሰምታለች እኮ!»

«ሌላውን የቀረጽነውን ቪዲዮ እናሳይ።»

«ያንን ድብዝዝ? ምኑ ይታያል!»

እውነቱን ነው፤ እዚያኛው ላይ ያለችው ክር ጭላንጭል ናት። ለባነር አትሆንም ብለው የጣሏት። ግን ትንቀጠቀጣለች።

ዳኛዋ መጡ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ባነሩን አነበቡ። «እሺ ልጆች፣ አሳዩኝ።»

ሎሬት እስቲን በዓይኑ ለመናት። እሷ መጋረጃውን ጎትታ መብራቱን አጠፋች። ከወዲያ ጥግ የእሳተ ገሞራው ቡድን ጮኸ። ድብዝዙን ቪዲዮ ከፈተችው።

«ምንም አይታየኝም» አሉ ዳኛዋ።

«ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»

ጠጋ አሉ። «ውይ… ይንቀጠቀጣል!» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ታዲያ ባነሩ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

እስቲ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ በጨለማው ውስጥ የጋዋን ቁልፎች ጠቅ፣ ጠቅ ሲሉ ተሰማ፤ እስከ አንገት።

«የኔ ሹራብ» አለ ሎሬት።