በሞቴ የሚለው ቅጠል

ትርሲት ገላው ሰኞ ጠዋት ከሰባት ሰዎች ማጅራት ላይ ሰባት ቅጠሎች ነቀለች፤ ከዚያ ቁርሷን በላች። ሥራዋ ይኸው ነው። ቅጠል የሚሉት ከማጅራት ላይ የሚለጠፍ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ስስ መሣሪያ ነው፤ ሕመም ከሰውነት ወደ አንጎል ሲሮጥ መንገድ ላይ ያገኘውና ጩኸቱን ዝቅ ያደርገዋል። ቅጠል የተባለው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ነው። የፋብሪካ ስሙን የሚያውቀው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ነው።

ሆስፒታሉ የተሠራው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው፤ ዳሎል ላይ ፎቅ ወደ ሰማይ መሥራት ሰው መጥበስ ነውና። አራተኛው ክፍል ከመሬት በታች አምስት ፎቅ ወርዶ ይገኛል፤ ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ፀጥ ያለ ክፍል ነው። ዘጠኝ አልጋ አለው። የተኙት አብዛኞቹ ለከተማዋ መብራት ከሚሰጡት የእንፋሎት ጉድጓዶች የመጡ፣ ቃጠሎው ድኖ ሕመሙ ያልዳነላቸው ሰዎች ናቸው። ነርቭ አንዴ ከተቃጠለ እሳቱ ከጠፋ በኋላም "ተቃጠልኩ" እያለ ይኖራል።

ቅጠል አንድ ሕግ አለው፤ ሳይፈቀድለት አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሳይጠይቁ ይቀንሱ ነበር፤ ሰዎች እጃቸውን ምድጃ ላይ ጥለው ወሬ ማውራት ጀመሩ። ቅጠል ሲቀንስ ሕመምን ብቻ ለይቶ አይቀንስም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱንም፣ ጣዕሙንም፣ የሰው እጅንም አብሮ ያደነዝዛል። ስለዚህ አሁን ሕመሙ ብቅ ባለ ቁጥር በጆሮ ውስጥ ይጠይቃል፤ "ልቀንስልዎት?" እሺ ካሉት ይቀንሳል፤ አይ ካሉት ዝም ይላል። ጨዋ ዕቃ ነው፤ ከስንቱ ሰው ይሻላል።

ችግሩ ቅጠሉ ጥቂት፣ ወረፋ ጠባቂው ብዙ መሆኑ ነው። ለአንድ ወር ከአሥር ጥያቄ ዘጠኙን "አይ" ያለ ሰው አያስፈልገውም ተብሎ ይነቀልበትና ለሚቀጥለው ይሰጣል። ለሐሙስ የተያዘው ስም ጋሽ ደርበው ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ሁለት እግራቸውን ከጉልበት በታች እንፋሎት የቀቀለባቸው ሰው። ወሩን ሙሉ አይ ሲሉ ነው የከረሙት። የትርሲት ድርሻ ቅጠሉ ደህና መሆኑን መርምራ መፈረም ብቻ ነበር።

ከሰዓት መመርመሪያዋን ማጅራታቸው ላይ አስጠጋች። ከአሥር ስምንት ይላል። ጋሽ ደርበው ትራሳቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለው ያዩዋታል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

"አመመዎት ጋሼ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። አንቺ ደህና ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና ናቸው። ቅጠሉ አሁን ምን አለዎት?"

"ልቀንስልዎት አለኝ።"

"እርስዎስ?"

"ተወው አልኩት። ምን አስቸገረው።"

ስምንት የሚያህል ሕመም ተሸክሞ ተወው የሚል ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ የተበላሸው መለኪያው ነው ብላ ቅጠሉን በአዲስ ቀየረችው። አዲሱም ስምንት አለ። ሦስተኛው ስምንት ተኩል አለ። ሌሎቹን ስምንት አልጋዎች ዞረች፤ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዱ ጋ ዘጠኝ፤ መልሱ ግን ሁሉም ጋ አይ ነው። አልደነገጠችም። በዚህ ሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከቁጥር ጀርባ ፊት መፈለግ ካቆመች ቆይታለች፤ ያንንም እንደ ጥፋት አትቆጥረውም። ለሥራ ይመቻል።

ነገሩ የተገለጠላት በብርቱካን ነው። ከጋሽ ደርበው ቀጥሎ ያለው አልጋ የእትዬ ዙሪያሽ ነው፤ የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ጣቶቻቸው እሾህ እንደጨበጡ ያድራሉ። በእነዚያው ጣቶች ብርቱካን ልጠው ግማሹን ወደ ጎረቤታቸው ዘረጉ።

"እንካ ደርበው።"

"ኧረ በልቻለሁ።"

"ትንሽ ቅመስ እንጂ።"

"ጠግቤያለሁ፣ አንቺ ብይው።"

"በሞቴ!"

"ኧረ አትሙቺብኝ" ብለው ጋሽ ደርበው ተቀበሉና በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ርቧቸው ነበር።

ትርሲት መመርመሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ ጋሽ ደርበው አልጋ ተመለሰችና ራሷ ጠየቀቻቸው። "ጋሼ፣ ሕመሙን ይቀንስልዎት?" ተይው አትቸገሪ አሉ። ደግማ ጠየቀች፤ ኧረ ደህና ነኝ አሉ። "በሞቴ" አለች። "ካልሽ እንግዲህ ትንሽ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቅጠሉ እሺታቸውን ሰማ፤ ቁጥሩ ከስምንት ወደ ሦስት ወረደ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጠይቆ ይተዋል፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተው ደግሞ መጀመሪያውንም ከልቡ አልነበረም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኢክራም ታሪኩን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። "እንዴ፣ በቅጠል ፊት ይሉኝታ ያዛቸው ነው የምትይኝ?"

"ሦስት ጊዜ ይለምን። ሦስተኛውን በሞቴ ይበል።"

"ይሁን። ብቻ በዚህ በፋብሪካው ድምፅ እንዳይሆን፤ ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው።"

ትርሲት የራሷን ድምፅ ሰጠች። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ በጓንት ካርቶኖች መሐል ቆማ ቀዳችው። "ልቀንስልዎት? እባክዎ፣ ትንሽ ልቀንስልዎት። በሞቴ!" ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ጥሩ ሆነ። ስትቀዳ ምንም አልተሰማትም።

ረቡዕ ጠዋት ዘጠኙ ቅጠሎች በእሷ ድምፅ መለመን ጀመሩ፤ በዚያው ዕለት ዘጠኙም ሰዎች እሺ አሉ። ሐሙስ የጋሽ ደርበው መነቀል ለአንድ ሳምንት ተራዘመ፤ በዚሁ ከቀጠሉ ስማቸው ከዝርዝሩ ሊወጣ ነው። ዶክተር ኢክራም በኮሪደሩ ሲያገኟት "አንበሳ!" አሏት። ትርሲትም ነገሩ ያለቀ መሰላት።

በሳምንቱ ረቡዕ ለመጨረሻው ምርመራ ስትወርድ ክፍሉ ወትሮ ካለው ፀጥታ የባሰ ፀጥ ብሎ ጠበቃት። ቁጥሮቹ ሁሉ ዜሮና አንድ ናቸው። ሰዎቹ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ሾርባ ቀርቧል። ጋሽ ደርበው ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ የሾርባው እንፋሎት ፊታቸውን ሸፈነው፤ እሳቸው ግን እፍ እንኳ ሳይሉ ዋጡት። ከንፈራቸው ላይ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ አየች። መዝገቡን ከፈተች። በቀን አርባ ሦስት ጊዜ እሺ ብለዋል፤ ሕመሙ ስምንት ሲሆንም፣ ሁለት ሲሆንም፤ አንዱ ሰዓት ሳያልቅ ሌላው እየተደረበ።

ማንኪያውን ከእጃቸው ወሰደችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሕመምተኛ አልጋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

"ጋሼ፣ ሕመሙ ሁለት ሲሆን እንኳ እሺ ብለዋል። ሁለት ይህን ያህል ይከብዳል?"

"አይከብድም። ሁለትማ ትንኝ ናት።"

"ታዲያ ለምን አይ አላሉም?"

ጋሽ ደርበው የምትቀልድ መስሏቸው አዩዋት። "በሞቴ እያልሽኝ?"

"እኔ አይደለሁም እኮ ጋሼ። ቅጠሉ ነው። ማሽን ነው፤ ሞት የለውም።"

"እሱማ እንደሌለው አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ማሽን ያንቀሳቀስኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ሞኝ አትይኝ። ድምፁ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ታዲያ የሚለምነኝ በማን ሞት ነው?"

ትርሲት የያዘችውን ማንኪያ ሾርባው ውስጥ መለሰችው።

"እኔም እንደዚያው ነኝ" አሉ እትዬ ዙሪያሽ ከአልጋቸው። "ቅዳሜ ልጄ መጥታ እጄን ይዛኝ ነበር። ልትመጣ ስትል አይ ልለው ፈልጌ ነበር፤ እጇን ልሰማው። መለስ ብዬ ደግሞ ትርሲትም የሰው ልጅ ናት፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ ምን በወጣት አልኩ። ልጄ እጄን መያዟን በዓይኔ አይቼ ነው ያወቅኩት።"

የሌሎቹን ሰባት ሰዎች ፊት አየች። ሁሉም ሰምተዋል፤ ማንም አልተገረመም። አንዱ እንዲያውም አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ምስጢር እንደወጣበት።

"ስንት ጊዜ ነው የለመንሽኝ?" አሉ ጋሽ ደርበው። "መዝገቡ ካንቺ ጋር ነው።"

"ሦስት መቶ አንድ።"

"ሦስት መቶ አንድ" አሉ ቀስ ብለው። "አንድም ጊዜ ሙቺ አላልኩሽም።"

ትርሲት አፈረች። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እንደ ዋዛ የጣለችውን ቃል እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ከወለሉ አንስተው ሳምንቱን ሙሉ ተሸክመውላታል። ስማቸውን ከዝርዝር ላይ አንብባ ልትነቅልባቸው የነበሩ ሰዎች እሷ እንዳትሞት ብለው ጣዕማቸውንና የልጆቻቸውን እጅ ሰጥተዋል። አልቅሳ ብትወጣ ደስ ባላት፤ እንባው ግን አልመጣላትም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አመማት፤ ስንት እንደሆነ የሚለካላት አልነበረም።

ያን ቀን ድምፅዋን ከዘጠኙም ቅጠሎች አጠፋች። ዶክተር ኢክራም ጋ ስትገባ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሳቅ አልነበረም።

"የፋብሪካው ድምፅ ከተመለሰ ሁሉም አይ ማለታቸው ነው" አሉ። "የደርበው ይነቀላል።"

"ቅጠሉ አንድ ጊዜ ይጠይቅ። አይ ካሉ አልጋው ላይ መብራት ይብራ፤ ቁጥሩም ይታይ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለ ሰው ይለምን። ጎረቤትም ይሁን፣ ነርስም ይሁን። ሁለት ከሆነ ይተዋቸዋል፤ ስምንት ከሆነ ይለምናል። ሰው ነው፤ መቼ መተው እንዳለበት ያውቃል።"

"የሰው ሕመም በመብራት ይለፈፍ ነው የምትይው? ምስጢር ነው እኮ።"

"ጠይቄያቸዋለሁ ዶክተር። ዘጠኙም ይብራ ብለዋል።"

ዶክተር ኢክራም ብዕራቸውን አነሱ። "ለአንድ ወር" አሉና ፈረሙ። የጋሽ ደርበውም መነቀል ወሩ እስኪያልቅ ቆመ።

ሐሙስ ጠዋት ትርሲት የአራተኛውን ክፍል በር ስትከፍት የጋሽ ደርበው መብራት ቦግ አለ። እትዬ ዙሪያሽ ሊታጠቡ ወጥተዋል፤ ሌሎቹ ገና ተኝተዋል። አጠገባቸው ያለችው እሷ ብቻ ናት። ቁጥሩ ስምንት ነው።

"ጋሼ፣ ይቀንስልዎት እንጂ።"

"ኧረ ደህና ነኝ። ደህና አደርሽ?"

"እባክዎ፣ ትንሽ።"

"ተይው ልጄ።"

ሦስተኛዋ ቃል በጓንት ካርቶኖች መሐል ሳለች እንደ ትንፋሽ ቀላል ነበረች። አሁን ከበደች። ካወጣቻት ራሷን በእኚህ ሰውዬ እጅ ላይ ልታስቀምጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የማይጥሉ ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች።

"በሞቴ" አለች።

ጋሽ ደርበው የተቃጠለ ከንፈራቸውን ነክሰው ፊቷን አዩት።

"እሺ" አሉ። "ኑሪልኝ።"