ሃያ ደቂቃ ፀሐይ

«አሥር ደቂቃ ሲሞላ ፍሬሜን ከፀሐዩ አንሺልኝ፣ እሺ? ማኤስትራ ውሃ ቅጂ ብለውኛል» አለችና አዙሴና ባልዲዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ፊዴላ በኦአካካ ከተማ፣ በትምህርት ቤታቸው ጣሪያ ላይ ከሁለት የመስታወት ፍሬሞች ጋር ብቻዋን ቀረች። የፎቶ ክበቡ አዲስ ወረቀት እየሞከረ ነው። የፊልም ኔጋቲቭ ተደርቦበት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ምስሉ ዓይን እያየው ቡናማ ሆኖ የሚወጣ ወረቀት። አንዱ ፍሬም የፊዴላ ነው። ሌላኛው የአዙሴና ነው፤ በእሱ ላይ የአክስቷ እጆች የዘንባባ ባርኔጣ ይጎነጉናሉ።

የክበቡ መምህርት ማኤስትራ ኦቲሊያ ያንን ፎቶ ባዩ ጊዜ፣ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት!» ብለው ነበር። የፊዴላን ሲያዩ ግን «ጥሩ ነው» ብቻ። ለአዙሴና ካሜራ አያያዝ ያስተማረችው ማን ሆነና!

አሥር ደቂቃ ሞላ። ፊዴላ የራሷን አነሳች፤ የአዙሴናን ተወችው። «ይረር!» አለች በልቧ። ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ሲል የአዙሴና ኮቴ ተሰማና ፊዴላ ፍሬሙን ወደ ጥላው ጎተተችው።

«ውይ! ከሰለ እንዴ?»

«እኔ እንጃ፤ ወረቀቱ ይሆናል።»

ወርደው ሁለቱንም ወረቀቶች ምስሉን በሚያጸናው መድኃኒት ነከሯቸው። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱንም አሳሳቸው። የፊዴላ ነጥቶ ሊጠፋ ደረሰ። የከሰለው ግን ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ፣ የዘንባባው ክር አንድ በአንድ ተለይቶ ወጣ።

«የኔ ጎበዝ! ስንት ደቂቃ አቆየሽው?» አሉ ታች የነበሩት ማኤስትራ።

«አሥር። ፊዴላ ናት ያነሳችልኝ።»

«የአንቺስ፣ ፊዴላ?»

«አ... አምስት» አለች ፊዴላ።

«በሉ መዝግቡት። ነገ ለኤግዚቢሽኑ የአዙሴናን ፎቶዎች በአሥር ደቂቃ እናትማለን። የቀረን ስድስት ወረቀት ነው፣ እንዳታበላሹ!» ብለው ወጡ።

አዙሴና መዝገቡ ላይ ለራሷ «10»፣ ለፊዴላ «5» ብላ ጻፈችና እርጥብ እጇን ፊዴላ አንገት ላይ ጠመጠመች። «አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር እኮ!»

ዝም ብትል ነገ ስድስቱም ይነጣሉ። ማንም አይጠረጥራትም። ፊዴላ ይህን አሰበችው፤ ለአፍታም ጣፈጣት። የአዙሴና ክንድ ግን አሁንም አንገቷ ላይ ነበር።

ቀስ ብላ ከእቅፏ ወጣች። እስክሪብቶውን አንስታ «10»ን ሰረዘችና «20» ብላ ጻፈች። ከታች ደግሞ በራሷ ስም ትይዩ አምስቱን አሥር አደረገችው።

«ምን እያረግሽ ነው?» አለች አዙሴና፣ ፈገግታዋ ገና ሳይጠፋ።

«ነይ ጣሪያው ላይ እንውጣ» አለች ፊዴላ። «የምነግርሽ አለ።»