የግራዝማች ታደለ ባንዲራ

ደባርቅ ለአርበኞች በዓል ዋዜማ ሽር ጉድ ስትል አንድ ሬሳ ተገኘ። ሟቹ ሰይፈ ሥላሴ ይባላል፤ የጦርነት ዘመን ባንዲራና ሜዳሊያ ዋጋ ለሰብሳቢዎች የሚገምት ሰው ነበር። በወይዘሮ የሺወርቅ እንግዳ ማደሪያ፣ የአልጋው ብረት ጭንቅላቱን ፈንክቶት ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ሸጊቱ ግን ያፈጠጠችው እግሩ ላይ ነው። ሁለቱ አውራ ጣቶቹ እንደ ተገነዘ ሰው በአረንጓዴ ክር ታስረዋል።

«ማን አሰረው?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። «ጠዋት ስገባ ደርቆ አገኘሁት። አልነካሁትም።»

ከራስጌው የአባታቸው የግራዝማች ታደለ ባንዲራ ተሰቅሏል። በየዓመቱ ይዘውት ከሰልፉ ፊት የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሸጊቱ ጠጋ ብላ አየችው። ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። በላይኛው በአረንጓዴው ጠርዝ የድሮ መርፌ ቀዳዳ ተደርድሯል። ቢጫው በአንድ በኩል በአዲስ ክር ተሰፍቷል።

ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ማዕረግ ተቆጣ። «እኔ ብገድለው ባንዲራውን ትቼው እወጣለሁ?»

የወይዘሮዋ የወንድም ልጅ ያርጋል አቀርቅሯል። «የአያቴ ክብር ይታወቅ ብዬ ገማቹን የጠራሁ እኔ ነኝ። ግን ዛሪማ ነው ያደርኩ፤ በጭነት መኪና ሊማሊሞን የወጣሁ ዛሬ ጠዋት ነው። ሾፌሩን ይጠይቁ።» ሾፌሩም አረጋገጠ።

ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገዋል። የቤቱ እመቤት ብቻ አልዘቀዘቁም።

ሸጊቱ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሬሳ ከደረቀ ጣቱ አይገጥምም። ያሰረው ሰው፣ ሲሞት አጠገቡ ነበር። ሌባ ደግሞ ይዘርፋል እንጂ አይገንዝም። ያርጋል እዚህ አላደረም።» ባንዲራውን አወረደች። «የሰንደቁ እንጨት ድሮ የሚገባው በአረንጓዴው በኩል ነበር፤ ቀዳዳዎቹ እነሆ። ስለዚህ ቀለማቱ ቁልቁል እንዲቆሙ በጎን እንዲህ ይዞራል።»

አዙራ አዲሱን ስፌት ፈታችና ቢጫውን ገለጠች። ከሥሩ ነጭ ነው፤ ነጩ ላይ የጣሊያን ንጉሥ ጋሻ አለበት።

«የተማረከ ይሆናል» አለ ያርጋል።

«የተማረከ ቢሆን እንዳለ ባሳዩት ነበር። ማን ይሸፍነዋል?» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እትዬ፣ እንግዳ ሞቶብዎታል። ነጠላዎን ይዘቅዝቁ እንጂ።»

ዘቀዘቁት። ከጥለቱ አረንጓዴ ክር የተመዘዘበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ታየ።

«እናቴ ቢጫውን ስትሰፋ ኩራዝ የያዝኩላት እኔ ነኝ» አሉ። «አባቴ ባንዳ ነበር። ይኸ ሰውዬ ስፌቱን ፈታና፣ ‹የባንዳ ባንዲራ በዋጋ ከአርበኛው ይበልጣል፤ የአባትዎ ስም ካለበት ሰብሳቢ ይሻማበታል› አለኝ፤ እየሳቀ። ገፋሁት። ሞተብኝ። ስፌቱን መልሼ ሰፋሁ። ግን እንግዳዬ ነው፤ ሳልገንዘው እንዴት ልውጣ?»

ሸጊቱ ራሷ አፈረች፤ ልጅ ሆና ከዚህ ባንዲራ ኋላ ተሰልፋ ዘምራለች።

ከደጅ የበዓሉ አስተባባሪ ተጣራ። «እትዬ የሺወርቅ፣ ነገም ከፊት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ በጥለቱ ፊታቸውን ሸፈኑ። ያርጋል ወደ በሩ ሄዶ ሳይከፍተው ቆመ።

«ነገ እኛ አንወጣም» አለ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

ያርጋል በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።