ከሸክላው ሥር

ኩሩ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አዋሽ ላይ የሙዚቃ ሸክላ የሚያጫውት ሻይ ቤት የእኛ ብቻ ነው። የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች እኛ ጋ የሚያቆሙት ለሻዩ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ማጫወቻውን አባቴ መሀመድአሚን ከወሎ ሲመጣ ነው ይዞት የመጣው። ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ስስ አሉሚንየም ነበር። ሳህኑ ላይ የነበረውን የጎማ ምንጣፍ የአዋሽ ሙቀት አቅልጦ ከሸክላ ጋር አጣበቀው። በምትኩ የሱፍ ጨርቅ ብናነጥፍ አቧራ እየሰበሰበ፣ ሸክላውን ስናነሳ አብሮ እየተነሳ አስቸገረን። በመጨረሻ እኔ ከባቲ ገበያ የፍየል ቆዳ አስመጥቼ በገዛ እጄ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት። ያን ቀን ሳህኑ ማንቃጨሉን ተወ፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው የድቤ ድምፅ ጠራ። የዚያ ቆዳ ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ አንገቴ ቀና ይላል።

ሙእሚን የሰመራ ሰው ነው። እዚያ ቶርኖ ቤት አለው፤ በማሽን ብረት እየቆረጠ የከባድ መኪና ዕቃ ይሠራል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ማጫወቻው አጠገብ ቆመ።

«እህቴ፣ ሳህኑ በጣም ቀላል ነው» አለኝ። «ዙሩ እኩል አይደለም። ዘፋኙ ድምፁን ሲያረዝመው ይንቀጠቀጣል። ከባድ ሳህን ቢሆን ዙሩን ይጠብቅ ነበር።»

«የሚንቀጠቀጠው ዘፋኙ ቢሆንስ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ቆዳዬን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው፤ ጠርዙን ይዞ፣ ቀስ ብሎ። አንድም ቃል አልተናገረም። አገር ያደነቀልኝን ነገር ዳስሶ ዝም በማለቱ ቂም ያዝኩበት።

እሱ ግን መመላለስ ጀመረ። ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ በወጣ በወረደ ቁጥር እኛ ጋ ያርፋል፤ እንከራከራለን። እሱ የሳህን ክብደት ይላል፤ እኔ ያለ ምንጣፍ ከባዱም ያንቃጭላል እላለሁ። ምንጣፍ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ድምፁን ይውጠዋል ይለኛል፤ የኔ ቆዳ አይውጥም እለዋለሁ። አንዳንዴ ክርክሩ ያልቅና እንተያያለን። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን አባቴን አስፈቅዶ ሳህኑንም ቆዳውንም ለካና ሄደ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሾፌር ሙእሚን የላከውን ጥቅል አመጣልኝ። ውስጡ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚንየም ሳህን ነበር፤ ጠርዙ ዙሪያውን ትንሽ ከፍ ብሏል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። መልእክት የለውም። አሮጌውን ሳህን ከነቆዳው አነሳሁ፤ አዲሱን ገጥሜ ሸክላውን በቀጥታ አስቀመጥኩበት። ሸክላው በጠርዙ ብቻ አርፎ መሀሉ አየር ላይ ቀረ። ድምፁ የባዶ በርሜል ድምፅ ሆነ።

ደሜ ፈላ። ሳህኑ መበላሸቱ አይደለም የጎዳኝ። የኔን ቆዳ ከቤቱ ለማስወጣት ብሎ የሠራው መሰለኝ። ሥራዬን የሚንቅ ሰው ነገ እኔንስ ያከብረኛል?

አባቴ ስልክ ደውዪለት አለኝ፤ እኔ ፊቱን እያየሁ ነው የምመልስለት አልኩ። አክስቴ ዘይቱና ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለችኝ። የመልካ ወረርን ጥጥ አልፈን፣ ሚሌ ምሳ በልተን፣ ሰመራ ስንደርስ ሙቀቱ ከኔ ንዴት አይተናነስም ነበር።

ቶርኖ ቤቱ ገብቼ ሳህኑንም ቆዳዬንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት።

«ይኸው ሳህንህ። የኔ ቆዳ ምን ጎድሎት ነው?»

ሙእሚን ሳህኑን አየ፤ እኔን አየ። «ቆዳውን ሳታነጥፊበት ነው ያጫወትሽው?»

«ለቆዳ መቼ ሠራኸውና!»

ሳህኑን በታጠፈ ጣቱ መታው፤ ቤቱ ሁሉ አንቃጨለ። ከዚያ ቆዳዬን ዘርግቶ አነጠፈበት። ከፍ ባለው ጠርዝ መሀል ልክክ አለ። እንደገና መታው። አሁን ሳህኑ ዝም አለ።

እጄን ይዞ ጣቴን ከቆዳው ወደ ብረቱ አሳለፈው። የሚያደናቅፍ ነገር የለም፤ የጠርዙ ከፍታ ልክ የቆዳዬ ውፍረት ነበር።

«ስትመለከቺው የምታውቂ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩልሽ» አለ። «ከኔ የሳህኑ ክብደት ብቻ ነው። ያንቺ ሥራ ከሌለበት እንዳይጫወት አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ያን ቀን ስዳስሰው ዝም ያልኩት ከሱ የተሻለ ስላላየሁ ነው፣ ወላሂ።»

ዓይኑን እያየሁ ቆየሁ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ በቦታው ደስታ ነበር፣ ሰፊ ደስታ። እንዲህ ከተፈለግሁ በኋላ አንገቴን የምደፋበት ምክንያት አልነበረም።

«እንግዲያው አዋሽ መጥተህ አንተው ግጠመው» አልኩት። «ሽማግሌ ይዘህ ና።»

አክስቴ ዘይቱና በሻሿ ጫፍ እያራገበች፣ ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያንከራተትሽኝ አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ኒካሁም ታሰረ። ከቶርኖ ማሽኖቹ አንዱ ዛሬ አዋሽ ነው፤ ሙእሚን ሰመራንም አልተወም፣ እኔም ሻይ ቤቴን አልተውኩም። ሸክላው ሲዞር ሳህኑም ቆዳውም አይታዩም። የሚሰማው ድቤው ነው፤ የመቺው መዳፍ የድቤው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሳይቀር ይለያል። ሾፌሮቹ ብርጭቆ ይዘው ያዳምጣሉ።

ይህን ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁ ባሌ «ኸሊዳና እኔ» ይላቸዋል። ስሜን ሁልጊዜ ያስቀድማል። እኔም አንድ ቀን እንኳ አላረምኩትም።