ጨዋታ ያልነበረበት ዓመት

ጋሽ ሀብቱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ዴንቨር ውስጥ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ከአጠገባቸው መሰላል ተዘርግቶ ቆሟል። የመጡት ፖሊሶች መሰላሉን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ «ወድቀው ነው» አሉና ሄዱ። ለልጃቸው ለእምነት ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ከሰዓት በኋላ ለጽጌረዳ ደወለች።

ጽጌረዳን የማያውቅ የዴንቨር አበሻ ካለ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት ወንጀል ስትመረምር የኖረች የፖሊስ መኮንን ነበረች፤ እዚህ ደግሞ አየር ማረፊያው ውስጥ ሰው በዊልቼር ትገፋለች። ማዕረጉ ቀረ እንጂ ዓይኗ አልቀረም። ማን ሳያመው እንደሚያቃስት፣ ማን ማንበብ ሳይችል «መነጽሬን ረሳሁ» እንደሚል ከጀርባ ሆና ትለያለች። ጋሽ ሀብቱን ትወዳቸው ስለነበር ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ሄደች።

ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ጋሽ ሀብቱ በጎረቤቷ ከተማ በኦሮራ የታዳጊዎች የገና ዋንጫ ከተመሠረተ ጀምሮ ዳኛው እሳቸው፣ ዕቃ ጠባቂው እሳቸው፣ ታሪክ ጸሐፊውም እሳቸው ነበሩ። ግድግዳው ላይ ጎባጣዎቹ የገና ዱላዎች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል፤ ጥንጎቹ፣ ማለትም የጨዋታው ኳሶች፣ በባልዲ ሞልተዋል፤ መደርደሪያው ላይ ዋንጫዎቹ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል።

«አባቴ ጉልበቱ ውስጥ ብረት ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች እምነት። «በርጩማ ላይ እንኳ አይወጣም። መሰላሉ የኔ ነው፤ ለገና መብራት መስቀያ።»

«ታዲያ ከላይ የሚፈልጉትን በምን ያወርዱ ነበር?»

እምነት ከሁሉም የረዘመውን የገና ዱላ አሳየቻት። በጎባጣው ጫፍ እየሳቡ ነበር የሚያወርዱት። ዱላው ከሚስማሩ አልወረደም። ጽጌረዳ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሰላሉን ሰው እንዳቆመው አወቀች፤ ማወቋም ደስ አላሰኛት።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ደብተር አለ። ጋሽ ሀብቱ የውድድሩን ታሪክ በእጃቸው፣ በአማርኛ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቅጠል ሰጥተው ጽፈውበታል፤ ከየቅጠሉ ራስጌ ዓመቱ በቁጥር አለ። 2003፣ 2004፣ 2005፤ ከዚያ ዘሎ 2007። የ2006ቱ ቅጠል ተቀዷል።

«በ2006 ምን ሆነ?»

«ምንም» አለች እምነት። «ጨዋታ አልነበረም። በፊተኛው ዓመት አዶኒያስ ሞቶ ማን ይጫወታል?»

ጽጌረዳ ወደ ዋንጫዎቹ ዞረች። ዋንጫ ላይ የሚቀረጸው የፈረንጁ ዓመት ነው። 2011፣ 2012፣ 2013፤ ከዚያ 2015። እውነቷን ነው፣ የዚያ ዓመት ዋንጫ የለም። ምንም ላልሆነበት ዓመት ብሎ ሰው የሚገድል ማነው? የ2005ን ቅጠል ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደብተሩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የአዶኒያስን ነገር አገር ያውቀዋል፤ የሞቱን ምክንያት ግን ማንም አያውቅም። በ2005 የፍጻሜው ጨዋታ እንዳለቀ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ መኪና ውስጥ ራሱን ሳተ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሮ በማግስቱ ሆስፒታል ሞተ። እናቱ መዓዛ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጄን ምን አገኘው?» እያለች የዚያን ቀን ሜዳ ላይ የነበረውን ሁሉ ጠየቀች። ሁሉም አላየሁም አላት። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ሳታውቅ እንዳትሞት ብቻ ነበር ጸሎቷ።

ጋሽ ሀብቱ በሞቱበት ሳምንት፣ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ «ስለ አዶኒያስ የማውቀውን በደብተሩ፣ በዚያ ዓመት ቅጠል ላይ፣ ሰሞኑን ጽፌዋለሁ፤ ዘንድሮ ፍጻሜው ላይ መዓዛ ፊት አነበዋለሁ» ብለው ነበር። ይህን የሰሙት፣ ራሷን መዓዛን ጨምሮ፣ አራት የኮሚቴ አባላት ናቸው። የጋራዡን በር መክፈቻ ቁጥር ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቁትም እነዚሁ አራቱ ናቸው።

ጽጌረዳ አራቱንም በየቦታቸው ፈልጋ አነጋገረች። ኤርሚያስን፣ የያኔውን አሠልጣኝ፣ ያገኘችው አየር ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ አስቀመጣትና ሳትጠይቀው ተናዘዘ፤ ያን ቀን አምቡላንስ ይጠራ ሲባል «ልጁ ደህና ነው፣ አታጋንኑ» ያለው እሱ ኖሯል። ጋሽ ሀብቱ የሞቱ ዕለት ጠዋት የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው የለም።

ሱሩር ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የኦሮራ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው። ጥንጎቹን በቆዳ የሚለብጠው እሱ ነው፤ የ2005ቷን ጥንግ ከልክ በላይ አጥብቄያት ይሆናል እያለ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ነገራት። በዚያ ጠዋት ሱቁን አርፍዶ ነው የከፈተው። መዓዛ ደግሞ ከአዳር ሥራዋ ተመልሳ ብቻዋን ተኝታ ነበር።

አራተኛው ክርስቲያን ነው። የአዶኒያስ የልብ ጓደኛ ነበር፤ በአምስት ዓመቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ አሁን ሃያ ሰባት የሞላው፣ የታዳጊዎቹ አሠልጣኝ። ከዚያ ሞት ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳውን የሚበላው መዓዛ ቤት ነው። ማሚ ይላታል፤ እሷም ልጄ ትለዋለች፤ ከሁለት አንዳቸውም ለይምሰል አይደለም። በዚያ ጠዋት ሜዳው ላይ በረዶ ስጠርግ ነበርኩ አላት።

ጽጌረዳ ከአራቱም ጋር ስትለያይ ጋሽ ሀብቱ ለዘንድሮው ውድድር በእጃቸው የጻፉትን የዝግጅት ዝርዝር፣ ለየብቻ ኮፒ አድርጋ፣ «እስቲ የጎደለ ነገር እንዳለ እዩልኝ» ብላ ሰጠቻቸው። ኤርሚያስ አንብቦ «ለልጁ ነግረውታል እንዴ?» አለ። ሱሩር «ይገባዋል» አለና መለሰላት። መዓዛ ግማሹ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ክርስቲያን ወረቀቱን ብዙ አየው። «ኦኬ፣ ሁሉም አለ» ብሎ በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጽጌረዳ ያን ቀን መኪናዋን ጥግ አስይዛ ኤንጂኑን ሳታጠፋ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ምን አለ ሌላ ሰው በሆነ!

ሰልስቱ ዕለት ከቀትር በኋላ ለቀስተኛው ሲበታተን፣ እምነት አራቱን ሳሎን ውስጥ አስቀረቻቸው። ጽጌረዳ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሽ ሀብቱ ከመሰላል አልወደቁም፤ መሰላል መውጣት አይችሉም ነበር። ሰው ነው ያቆመው። ያው ሰው ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀዷል፤ የ2006ን። በዚያ ዓመት ጨዋታም አልነበረ፣ ነገርም አልነበረ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ምናልባት የ2005ን ፈልጎ ይሆናል» አለ ኤርሚያስ።

«ነው እንጂ። ግን እየው።» ደብተሩን ከፈተችው። «ራስጌው ላይ በቀይ፣ በትልቁ፣ አዶኒያስ ይላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን አልፎ ሌላ አይቀድድም። የቀደደው ሰው አማርኛ ማንበብ አይችልም። በቁጥሩ ብቻ ነው የሄደው።»

ጽጌረዳ ወደ ወለሉ እያየች ቀጠለች።

«ዋንጫው ላይ 2013 ይላል። እዚህ ያደጉት ልጆች በሙሉ የኢትዮጵያ ዓመት በሰባት ወደኋላ ነው ሲባሉ ነው ያደጉት። ከ2013 ሰባት ሲቀነስ 2006። ይሄ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ይሠራል። የፈረንጁ ዓመት ሲለወጥ ግን ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፤ ገና ደግሞ የሚውለው እነሱ አዲስ ዓመት ካሉ በኋላ ነው። ኤርሚያስ ይህን አይስትም። ሱሩርም አይስትም። መዓዛ ልጇ የሞተበትን ዓመት ትስታለች የሚል ካለ ይንገረኝ።»

መዓዛ ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ክርስቲያን አዞረች።

«ዝርዝሩን የሰጠኋችሁ ለዚህ ነበር» አለች ጽጌረዳ። «መሐሉ ላይ፣ ፊሽካዬን ከዘንድሮ ጀምሮ ክርስቲያን ይረከባል፣ ይላል። ሦስታችሁ ስታነቡት ፊታችሁ ተለወጠ። እሱ ስለ ራሱ የተጻፈውን አይቶ፣ ሁሉም አለ፣ አለኝ። ልጄ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት እንደማይጥል ከሥራዬ አውቃለሁ። አንድ ቀን የሚያነብልኝ አገኛለሁ እያለ ይዞት ይዞራል። ያንን ቅጠል አውጣው።»

ክርስቲያን አልተከራከረም። ከቦርሳው ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የስልኬ አስተርጓሚም አያነበውም» አለ። «የእጅ ጽሑፍ ነው። ማንን ልጠይቅ? አባባ ሀብቱ ጋ ሄጄ ፕሊስ አታንብበው አልኩት። ደብተሩን ሰጠኝና፣ አንብበው ልጄ፣ ራስህ አንብበው፣ አለኝ። ሁልጊዜ የምችል ይመስለው ነበር። አልችልም ማለት አፈርኩ። አንብበው እያለ ሲጠጋኝ ገፋሁት።»

«ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?» አለች እምነት። ነርስ ናት።

ክርስቲያን «አዎ» አለ። ኤርሚያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለምን?» አለች መዓዛ።

«ማሚ፣ እኔ ነኝ። አዶኒያስን ዱላዬ ጭንቅላቱን መታው። አይቻለሁ። ካንቺ ጋር እየበላሁ ሁልጊዜ እሱን ነው የማስበው። እንድትሰሚ አልፈለግኩም።»

መዓዛ ወደ ደብተሩ ዞራ «አንብቢልኝ» አለቻት ጽጌረዳን። ጽጌረዳ ይቅርብሽ ልትላት አስባ ነበር፤ ግን አሥራ ሦስት ዓመት የለመነችውን ሴት እንዴት ይቅርብሽ ትላታለች? የ2005ን ቅጠል አነበበችላት።

«ከዕረፍት በፊት ጥንጓ አዶኒያስን ጆሮ ግንዱ ላይ መታችው። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ወደ እኔ መጥቶ፣ ጋሼ ራሴን እያዞረኝ ነው፣ አለኝ። ጥቂት ነው የቀረው፣ በርታ፣ ብዬ ፊሽካ ነፋሁ። በኋላ የክርስቲያን ዱላ ሲነካውም አይቻለሁ፤ እሱ የቀለለ ነገር ነበር፤ ልጁ ቀድሞ ተጎድቷል። ይህን የምጽፈው ክርስቲያን በጓደኛው ሞት ራሱን እንዳይወቅስ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። መዓዛ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረት አጥቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።»

ክርስቲያን ወንበሩ ላይ እየተኮማተረ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቱ ጠቆመ።

«ይሄስ ምን ይላል?»

መዓዛ ወረቀቱን አነሳች። ራሷ አነበበችለት።

«ዘንድሮ አልተጫወትንም። ክርስቲያን መጥቶ ዱላዎቹን አብሮኝ ወለወለ። አንድ ቃል ሳይናገር ዋለ። ይህን ልጅ ካላጽናናነው የቀበርነው ሁለት ልጅ ነው።»

እምነት ስልኳን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ማንም ከተቀመጠበት አልተነሳም። መኪና በሩ ላይ ሲቆም ክርስቲያን ብድግ አለ፤ መዓዛም ሳታስበው ተነስታ፣ ውጭው ብርድ ነውና፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋችለት። ከዚያ ምን እንዳደረገች ሲገባት እጇን ሰብስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ዓመትም ጨዋታ አልነበረም።