የደምለው እንቅልፍ

ነገረ ፈጅ እንዳላማው ሲጠራ ቁርሱን እንኳ አልጨረሰም ነበር።

«ፊታውራሪ ይፈልጉሃል። ደምለው ሞተ፤ ገዳይቱም ተይዛለች» አለው መልእክተኛው ባንድ ትንፋሽ።

እንዳላማው ባንድ ትንፋሽ ምንም የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ አስም ነበረበት። ዘንጉን ተመርኩዞ ዳገቱን ሦስት ጊዜ እየቆመ ወጣ፤ በቆመ ቁጥርም አንድ ጥያቄ ጠየቀ። መቼ ሞተ? ማን አየ? ገዳይቱ ከተያዘች እኔ ለምን ተፈለግሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ የመለሱለት ራሳቸው ፊታውራሪ ባዘዘው ናቸው። ጋቢ ደርበው ከጎጆው ደጃፍ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ጣሊያን ያለ ፍርድ ይሰቅላል። እኔ ግን ያለ አውጫጭኝ ሸንጎ ሰው አልሰቅልም ብዬ ምያለሁ፤ የልጄ ገዳይም ብትሆን። ጠላት ከደብረ ማርቆስ ወጥቷል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ እንነሣለን። አጋሰሱ እስኪጫን ጊዜ አለህ።»

ጊዜው ጥቅምት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከዲማ በታች ያለ የገደል አፋፍ። የአርበኞቹ ሰፈር ሁሉ እግሩ መሬት አልረገጠም፤ አንዱ ጭነት ይስባል፣ አንዱ ሰማይ ሰማዩን አውሮፕላን ያያል። እንዳላማው ከጠላት በፊት በደብረ ማርቆስ አደባባይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ሥሩን የሚቆፍርበት ግማሽ ቀን ብቻ ነው የተሰጠው።

ወደ ጎጆው ገባ። የፊታውራሪ አንድ ልጅ ደምለው ከሦስት ቀን በፊት በሉማሜ መንገድ ደፈጣ ላይ ጥይት በቀኝ መንጋጋው ገብቶ በግራው ወጥቷል። በቃሬዛ ያመጣችው ጤናዬ ነበረች፤ ከወረራው በፊት በሐኪም ቤት ቁስል ስታጥብ የኖረች መበለት። ባለፈው ክረምት ጣሊያን አስሯት በሁለተኛው ወር ለቋታል። ለምን እንደለቀቃት የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ይጠረጥራል።

ሬሳው በሆዱ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ግራ ዞሯል፤ ጠቁሮ አብጧል። ከአፉ በታች ያለው ሳር በረጋ ደም ተለውሷል። እንዳላማው በርከክ ብሎ አየ፤ ዓይኑን ገለጥ አድርጎም አየ። ከዚያ እይታው አንድ ነገር ላይ ቀረ። ከአፉ ጠርዝ የተነሣች ቀጭን የደም መሥመር ጉንጩን አቋርጣ፣ በጆሮው ሥር ዞራ፣ ማጅራቱ ላይ ጎፈሬው ውስጥ ትገባለች።

«ደም ሽቅብ አይፈስም» አለ ለራሱ።

ከግርጌ አራት ጊዜ የታጠፈ ጥቁር በርኖስ ተቀምጧል። መካከሉ ላይ መዳፍ የምታህል የደም እድፍ አለች፤ እድፏ ላይ ረጃጅም ጠጉር ተጣብቋል። ከደጃፉ አጠገብ የቅቤ ቅል አለ። ክዳኑን አነሣ። ቅቤው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ላዩ ልስልስ፣ ጣት ያልነካው።

መጀመሪያ የጠራው ታረቀን ነው፤ የደምለው የጦር ጓደኛ፣ ሲነጋ ጀምሮ ጎጆውን ሲጠብቅ የነበረው።

«ዛሬ ማን ገባ?»

«ጤናዬ ብቻ።»

«ሌላስ?»

«ማንም! ባዘዘው ይሙት!»

«ሚስቱስ?»

«ሥራነሽ ማለዳ ቅቤ ይዛ መጣች። ጤናዬ ከደጃፍ መለሰቻት፤ ተጣሉ። ቅሉን ጥላ እያለቀሰች ሄደች።»

«ከዚያ ጤናዬ የት ሄደች?»

«ጨርቅ ልትቀቅል ምንጭ ወረደች።»

«እሷ በሌለችበት ምን ሰማህ?»

ታረቀ ፊቱ ፈታ አለ። «ደግ ነገር ነው የሰማሁት፣ አያ እንዳላማው። ሲያንኮራፋ ሰማሁት! ሦስት ቀን ሲያቃስት የከረመ ሰው፣ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።»

«እስከ መቼ አንኮራፋ?»

«ጥቂት ቆይቶ ጸጥ አለ። አቡነ ዘበሰማያት አሥር ጊዜ የሚደገምበት ያህል ቆይታ ጤናዬ ተመለሰች፤ ገባች፤ ጮኸች። ዘልዬ ስገባ በሆዱ ደፍታው፣ ሁለት ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከታ አገኘኋት። አንቃ ገደለችው!»

እንዳላማው በልቡ አሰላ። ይህ ሰው የተናገረውን ራሱ አልሰማውም ማለት ነው። ጸጥ ያለው ከመግባቷ በፊት ነው ብሎ ሲያበቃ፣ ገብታ አነቀችው ይላል።

«በርኖሱ የፊታውራሪ አይደለም?»

«የሳቸው ነው። ልጃቸውን አልብሰውት ይሆናላ።»

ሥራነሽን ከአንዲት ወይራ ሥር አገኛት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ፊቷን ነጭታለች፤ ድምፅዋ አልቋል።

«ከደብረ ወርቅ ድረስ የከረመ ቅቤ ተሸክሜ መጣሁ። ቅቤ ያልተጋተ ቁስለኛ ይድናል እንዴ? አንዲት ጠብታ በጉሮሮው አታልፍም አለችኝ። ለጠገራ ብር ሸጣዋለች!»

«ያስቀየመሽ የቅቤው ነገር ብቻ ነው?»

«ባሌን በአፍ ጢሙ ደፍታው ነው ከደጃፍ ያየሁት፣ አያ እንዳላማው! የባዘዘው ልጅ አፈር እየላሰ፣ እንደ ወደቀ ጠላት! ለውሻ እንኳ እንዲህ አይደረግም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? አማቴ እግር ላይ ወድቄ አለቀስሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ተነሥተው ሄዱ።»

እንዳላማው ደረቱ ተጨነቀ። የዳገቱ ድካም አልነበረም፤ ዳገቱን ከወጣ ቆይቷል።

ጤናዬን እጇን የፊጥኝ አስረው ከኮርቻዎች መካከል አስቀምጠዋታል። እዚያ ደርሶ ሲቀመጥ ትንፋሹ ያፏጭ ነበር። እንደ ልማዱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ሴትዮዋ ሞቷን ረስታ እሱን አየችው።

«በጀርባዎ መተኛት አይችሉም፣ አይደል?»

«ካቃተኝ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ሰው ይተኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ከትንፋሼ ጋር ስሟገት አድራለሁ። ስለ ደምለው ንገሪኝ።»

«አገጩ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። ምላስን ወደ ፊት የሚይዘው አገጭ ነው፤ ያ ሲሰበር ምላስ ማሰሪያ የለውም። በሆዱ ሲተኛ ምላሱም ደሙም ወደ ውጭ ነው፤ በጀርባው ሲተኛ ግን ሁለቱም ወደ ጉሮሮው ይሄዳሉ። ቅቤ የከለከልሁትም ለዚህ ነው፤ መዋጥ አይችልም፤ ወደ ሳምባው ነበር የሚወርደው። ለተሸካሚዎቹም ለጠባቂውም 'አትገልብጡት' ብያለሁ።»

«ስትመለሺ እንዴት አገኘሽው?»

«በጀርባው።»

«ከዚያስ?»

«መልሼ ደፋሁት፤ የረጋውን ደም በጣቴ አወጣሁ፤ ምላሱን ሳብሁ፤ ጀርባውን መታሁ። ደረቱ አልተነሣም።»

«ራሱ ምን ላይ ነበር?»

ጤናዬ ፊቷን ወደ ኮርቻዎቹ መለሰች።

«ጤናዬ፣ ወይራው ላይ ገመድ እየሰቀሉ ነው።»

«ይተዉት፣ አያ እንዳላማው። አንድ ሰው ሞቷል፤ ሁለተኛ አይሙት።»

«ሁለተኛዋ እኮ አንቺ ነሽ።»

«እኔን ማለቴ አይደለም።»

እንዳላማው ተነሣ። ፈራ፤ ይህ መሸሸግ የለበትም። ዝም ካለ አንዲት ንጹሕ ሴት ልትሰቀል ነው። ከተናገረ ደግሞ አራት መቶ ጠመንጃ የያዘ ሰፈር ጠላት በሚደርስበት ቀን ልቡ ሊሰበር ነው። የሱም አንገት ዋስ አልነበረውም። ዘንጉን አንሥቶ አጋሰሶቹ ወደ ቆሙበት ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አውጫጭኙ ተቀመጠ። ፊታውራሪ ኮርቻ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነፋሱ ከጮቄ በኩል ይነፍሳል፤ በጋቢ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። ሰዉ ዙሪያውን ቆሟል፤ ግማሹ ዳኛውን፣ ግማሹ ሰማዩን ያያል።

«በል ተናገር» አሉ ፊታውራሪ። «በምን ገደለችው?»

«በበርኖሱ አፍናው ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጥሩ፤ ከዚያ እንጀምር» አለ እንዳላማው። በርኖሱን ዘርግቶ አሳየ። «የታፈነ ሰው ጨርቁን በአፉና በአፍንጫው ነው የሚያቆሽሸው። የደምለው አፍ ሦስት ቀን ደምና ለሐጭ ሲያንጠባጥብ የከረመ ነው፤ በዚህ ቢታፈን በርኖሱ በራሰ ነበር። ያለችው ግን አንዲት እድፍ ናት። የተጣበቀባትም የጎፈሬ ጠጉር ነው እንጂ የጢም አይደለም። ይህ በርኖስ ከፊቱ ላይ አልነበረም፤ ከራሱ ሥር ነበረ።»

«ታዲያ በቅቤው ውስጥ መርዝ...»

«ቅቤውን ጣት አልነካውም፤ ሄዳችሁ እዩ። ከአፉ የተነሣው ደም ደግሞ በጆሮው ሥር ወደ ማጅራቱ ፈስሷል። በሆዱ ለተኛ ሰው ማጅራት ወደ ላይ ነው፤ ደም ሽቅብ አይወጣም። ደምለው በሕይወት ሳለ አንድ ሰው ገልብጦ በጀርባው አስተኝቶታል።»

«በጀርባው ቢተኛስ ምን አለበት?» አለች ሥራነሽ። «ሰው አይደል?»

እንዳላማው ወደሷ ዞረ። ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ቢያቀርበው በወደደ፤ የሚመልሰው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

«ልጄ፣ ባልሽ ድሮ በደኅናው ቀን ሲያንኮራፋ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፤ በክርኔ ጎሸም አድርጌ በጎኑ...» ቃሏ እዚያው ቆመ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በጎኑ ስታዞሪው ማንኮራፋቱን ይተዋል። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ነው፤ ባለትዳር ሁሉ ያውቀዋል። ደኅና ሰው ሲጨንቀው ይነቃል። አገጩ የተሰበረ፣ ደሙ ያለቀ ሰው ግን አይነቃም። ታረቀ፣ የሰማኸው እንቅልፍ አልነበረም። ጓደኛህ ሲታነቅ ነበር። ጸጥ ያለውም ጤናዬ ከመድረሷ አሥር አቡነ ዘበሰማያት አስቀድሞ ነው፤ አንተው ነህ የነገርኸኝ። ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ የከተተችው የተዘጋውን በር ልትከፍት ነው። አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንመታ ነው የዋልነው።»

ታረቀ ጠመንጃውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «እኔ እኮ ማንም አልገባም ነው ያልሁ...»

«አልዋሸህም። ሰው ስትባል ልብህ ያልቆጠረው አንድ ሰው ነበር።» እንዳላማው ትንፋሽ አጠረው፤ ዘንጉን ይዞ ቆመ፤ እስኪመለስለት ሁሉም ጠበቀው። «በአውጫጭኝ ሕግ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉ ይጠየቃል። ከዚህ ሰፈር ያልተጠየቀ አንድ ሰው አለ። ፊታውራሪ፣ ይማሉልኝ።»

ጠመንጃዎች ተንቀሳቀሱ። አንዱ ጩቤውን ጨበጠ። ፊታውራሪ እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ጸጥ አሰኙ።

«ምን ያስምለኛል? የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ አልደበቅሁም። ገብቻለሁ። ምራቴ አልቅሳ ነገረችኝ፤ ሄድሁ፤ እውነትም አፈር ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። 'ተነሥ ልጄ፣ እንደ ወንድ ተኛ' አልሁት። ገለበጥሁት። በርኖሴን አጣጥፌ ከራሱ ሥር አደረግሁለት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ፤ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ...»

ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

«ተኛልኝ ብዬ... እንዳልቀሰቅሰው ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።»

እንዳላማው በሠላሳ ዓመት ሙግቱ እንዲህ ያለ ማሸነፍ አጋጥሞት አያውቅም፤ ተረትቶ ቢሆን በወደደ ነበር።

ፊታውራሪ ተነሡ። ወደ ጤናዬ ሄደው ጠፍሩን በገዛ ጩቤያቸው ቆረጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ማጅራታቸው ላይ ጭነው ከፊቷ ተንበረከኩ። የጎጃም ሰው ደም አፍሶ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው አደረጉ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ያውርዱት፣ ጌታዬ! ያውርዱት!»

«ታውቂ ነበር?»

«በርኖሱን ከራሱ ሥር ሳነሣ አወቅሁ።»

«ገመድ እየተሰቀለልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለአባት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ብናገርስ ማን ያምነኛል?»

«አሁን አምንሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ማንኮራፋት ሲጀምር መልሼ በጎኑ ባደርገው ይተርፍ ነበር?»

እንዳላማው ውሸት ሲጠላ የኖረ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ግን ትዋሽላቸው ዘንድ በሆዱ ለመነ።

ጤናዬ ታስሮ የነበረ እጇን አሻሸች። «ይተርፍ ነበር፣ ጌታዬ» አለች።

ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንጋዩን አውርደው ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ታረቀ ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«አምስት ቁስለኞች አሉን» አሉ ለጤናዬ። «እንዴት እንደሚጫኑ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። የመጀመሪያው ደረቱን የተመታ፣ ራሱን የሳተ ጎልማሳ ነበር። ፊታውራሪ በጎኑ አዞሩት፤ አገጩን እሷ እንዳለቻቸው ቀና አደረጉት፤ ጆሯቸውን አፉ ዘንድ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሰዉ ሁሉ፣ አጋሰሱም ሳይቀር፣ ቆሞ ጠበቃቸው። የአውሮፕላን ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ጀመር፤ ማንም ግን ቶሎ ይበሉ አላላቸውም።

«ይተነፍሳል» አሉ በመጨረሻ፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ቃሬዛ ሄዱ።