ከታክሲው በር ላይ የተመለሰው ዘርዓብሩክ

ዘርዓብሩክ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ቤቴል ውስጥ ከእናቱ ከወይዘሮ ገነት ጋር ይኖራል። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ሲናደድ አያስብም። እጁ ይቀድማል፣ እግሩ ይቀድማል፣ ሐሳቡ መጨረሻ ይደርሳል። ከእናንተ ውስጥ እንደዚህ የሚያደርገው የለም? ዝም አላችሁ። እሺ፣ ስሙኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ አርፍዶ መጣ። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ወንድሙ በሁሉም ፊት ተቆጡት።

“ሁልጊዜ ማርፈድ! ዛሬ ኤልዳና ትጫወታለች። አንተ ተቀመጥ።”

አንዳንዶቹ ሳቁ። የዘርዓብሩክ ጆሮ ጋለ።

“እንግዲያው ሁለተኛ አልመጣም!” ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ፌርማታው ጋ የክፍል ጓደኛውን ዳንኤልን አገኘው።

“ምን ሆነሃል? ፊትህ በርበሬ መስሏል” አለው ዳንኤል።

“ተወኝ ባክህ! ሰው ፊት አዋረዱኝ።”

“ና በቃ። እኔ ስናደድ የምሄድበት ቤት አለ። ሁሉንም ነው የምትረሳው።”

ዘርዓብሩክ ‘የት?’ ብሎ አልጠየቀም። ‘ምን ልናደርግ?’ ብሎም አልጠየቀም። ዝም ብሎ ተከተለው።

ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ጁስ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ማንጎና አቮካዶ ተስሎበታል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የሺሻ ጭስ ታፍኗል፤ ታላላቆቻችሁን የሚያህሉ ልጆች ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው። የራሱን ልጆች ደህና ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ለሰው ልጅ ግን ክኒን ያድላል! ይህን ስነግራችሁ ደሜ ይፈላል። ይፍላ! በልጆች ላይ የሚነግድ ሰው ሊያናድደን ይገባል።

ሰውዬው ለሁለቱም ክኒን ሰጣቸው።

“ምንድን ነው?” አለ ዘርዓብሩክ፣ ገና አሁን።

“የንዴት መድኃኒት በለው” ብሎ ሳቀ ሰውዬው።

አንድ ጊዜ ለመተንፈስ ምን ያህል ይፈጃል? እስቲ ሁላችሁም ተንፍሱ። አያችሁ? ዘርዓብሩክ ይህችን ታህል እንኳ አልታገሠም። ዋጠው። ዳንኤል ደግሞ ደጋገመ።

መጀመሪያ ቀለል አለው። ንዴቱ የጠፋ መሰለው። ከዚያ ቤቱ ዞረበት፤ አፉ ደረቀ። ወደ ዳንኤል ዘወር ሲል ዳንኤል ዓይኑን ገልብጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

“ዳኒ! ዳኒ፣ ተነሳ!”

ሌሎቹ ልጆች ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያደርጉ ተበተኑ። ሰውዬው ሮጦ መጣ። ለዳንኤል የደነገጠ መሰላችሁ? ለራሱ ነው!

“በጓሮ በር አውጣው! ሜዳ ላይ ጣለው! ለሰው ትንፍሽ ብትል አንተም ትታሰራለህ!”

ዘርዓብሩክ ሮጠ። አዎ፣ ጓደኛውን ጥሎ ሮጠ። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ አንድ ታክሲ ቆሟል። ረዳቱ “ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!” እያለ ይጣራል። ዘርዓብሩክ አንድ እግሩን አነሣና ታክሲው ላይ ጫነ።

እዚያ ላይ ቆመ። በረጅሙ ተነፈሰ። “ጌታ ሆይ፣ ምን እያደረግኩ ነው?” አለ። ከንፈሩ የጠቆረው ዳንኤል ታየው።

“ትገባለህ አትገባም?” ብሎ ጮኸ ረዳቱ።

“አልገባም!”

ተመልሶ ሮጠ። ከጁስ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸውን እትዬ አልፊያን “ድረሱልኝ! ልጅ እየሞተ ነው!” አላቸው። እትዬ አልፊያ የሚመዝኑትን ስኳር ትተው ወጡ። መጋረጃውን ገንጥለው ሲገቡ ሰውዬው ዳንኤልን በብብቱ ይዞ ወደ ጓሮ ይጎትታል።

“ልቀቅ ልጁን!” አሉ።

“ምን አገባሽ አንቺ?”

“ልጅ ነው! ያገባኛል!”

ሰውዬው ለቀቀው። ዳንኤልን በባጃጅ ክሊኒክ አደረሱት። ሐኪሟ ዘርዓብሩክን ቶሎ ቶሎ ጠየቀችው። “ምን ዋጠ? አንተስ?”

‘ምንም’ ሊል አፉን ከፈተ። ፈርቷል። እንደገና ተነፈሰ። “ክኒን ነው። እሱ ብዙ ዋጠ። እኔም አንድ ውጫለሁ” አለ። በዚህ ምክንያት ሐኪሟ ምን ማድረግ እንዳለባት ቶሎ አወቀች። ዘርዓብሩክንም አስተኝታ ተከታተለችው። ሲመሽ ዳንኤል ዓይኑን ገለጠ።

ወይዘሮ ገነት ከሥራ እየሮጡ መጡ።

“ተናድጃለሁ!” አሉት። “ነገም እናደዳለሁ! ሞተህ ቢሆንስ? ማንን ልቆጣ ነበር?” ከዚያ አጥንቱ እስኪያመው ድረስ አቀፉት። እሱም “ይቅርታ እማዬ፣ ይቅርታ” እያለ አለቀሰ። ከክሊኒክ ከወጣ በኋላ ጋሽ ወንድሙንም ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሰውዬው ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርብ ዘርዓብሩክ ለምስክርነት ተጠራ። ሰውዬው አየውና በንቀት ሳቀ።

“ይሄ ራሱ ሱሰኛ ነው! የሱን ወሬ ትሰማላችሁ?”

የዘርዓብሩክ ጡጫ ተጨበጠ። ሊዘልበት ፈለገ። አብረውት የመጡት እናቱ ትከሻውን አልያዙትም፤ እሱ ራሱ ቆመ። ተነፈሰ። ጡጫውን ፈታ። ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

“አዎ፣ ውጫለሁ። አጥፍቻለሁ። የሰጡኝ ግን እርስዎ ነዎት። ጓደኛዬን ሜዳ ላይ ጣለው ያሉኝም እርስዎ ነዎት።”

ሰውዬው ሳቁን አቆመ። ፖሊሱ “ቀጥል ልጄ” አለ፤ ዘርዓብሩክም ከመጀመሪያው ጀምሮ ምንም ሳያስቀር ተናገረ።

ልጆች፣ ስትናደዱ እጃችሁና እግራችሁ እንዲወስኑላችሁ አትፍቀዱ፤ ቆም ብላችሁ ተንፍሱ፣ ጸልዩ፣ ከዚያ ንዴታችሁን እውነት ለመናገርና ሰው ለማዳን ተጠቀሙበት።